የእሜቴ ሶአዚግ እጅ

እግዚአብሔር ዓለምን የፈጠረው በስድስት ቀን ስለሆነ፣ በጥድፊያ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ያዛነፈው ነገር አለ። በሰባተኛው ቀን ዐርፎ ሳለ ነገሩ ትዝ ቢለው በየመንደሩ አንዳንድ አስተካካይ መደበ። አስተካካይ የሌለበት መንደር የለም። እቤትዎ በእንግድነት ገብተው ግድግዳው ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካዩ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ያቃኑታል። ማዕድ ላይ የእርስዎ ሳህን ከጎረቤትዎ በአንድ ድንች በልጦ ከተገኘ፣ ድንቹ መቼ እንደተነሣ ሳያዩት ከጎረቤትዎ ሳህን ላይ ያገኙታል። ክፋት የለባቸውም። ችግሩም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑማ በር ዘግተን እንገላገል ነበር።

የኛ መንደር አስተካካይ ክብርት እሜቴ ሶአዚግ ከርቬለን ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው ደግሞ ከሰውነታቸው ቀድሞ በር የሚገባ ሴት ናቸው። ገና ደጃፍ ላይ ቆመው "እስቲ ትንሽ ላስተካክለው" ካሉ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የያዘውን ዕቃ ጠበቅ ያደርጋል።

የቅድስት አና ንግሥ ዕለት ነው። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰንደቅ ተሸካሚዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲወጡ እሜቴ ሰልፉን አስቆሙት። ረጅም ከአጭር ጎን መቆሙ ዐይናቸውን ወግቷቸዋል። ቄሱ ቀርበው፣

"ሶአዚግ፣ እባክሽን፣ ቅድስቲቱ እየራሰች ነው" ቢሏቸው፣

"አባ፣ ተዛንፋ ከምትደርቅ ተስተካክላ ትራስ" ብለው ሰዉን ሁሉ በቁመቱ ደረደሩት። በማግስቱ ግማሹ መንደር ጉንፋን ይዞት ተኛ፤ እሱም ቢሆን ለሁሉም እኩል ነበር።

የጎረቤታችን የጆብ ወንድም የተቀበረ ዕለትም እንደዚሁ። ሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙትን ሰዎች "የግራው ትከሻ ዝቅ ብሏል" ብለው መንገድ መሐል አቀያየሩ። ግራና ቀኙ እኩል መጣ። ነገር ግን አጫጭሮቹ ሁሉ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ሁሉ ከኋላ ሆኑና፣ በሕይወት ዘመኑ ቸኩሎ የማያውቀው ሰውዬ በእግሩ በኩል እየተንሸራተተ ወደ መቃብሩ ፈጠነ።

የባሰው ግን የቅዱሳን ሁሉ ቀን ያደረጉት ነው። በዚያ ቀን መንደሩ በሙሉ ለየሙታኑ በማሰሮ የተተከለ አበባ ያስቀምጣል። እሜቴ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ መቃብሩን ዞሩና አበባውን አከፋፈሉት። ከታንጊ እናት መቃብር ላይ ግማሹን አንሥተው፣ ዘመድ አልባ ሆኖ ለሞተው ለሰካራሙ ዓሣ አጥማጅ ሰጡት። ታንጊ ሲሰማ እየሮጠ መጣ።

"እናቴን ዘረፍሻት!"

"አልዘረፍኳትም። እናትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሕይወቷ ማካፈል አይሆንላትም ነበር። አሁን ረዳኋት" አሉት።

ታንጊ እስከዛሬ አልማራቸውም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም ታንጊ፣ እኔ ሪዋል፣ ሽማግሌው ጆብና እሜቴ ሶአዚግ የአንድ ማዕድ ሰዎች ነን። በአገራችን በብሪታኒ፣ ከሰው ይልቅ አሳማ በሚበዛበት በዚህ የፈረንሳይ ጥግ፣ አራታችን በጋራ አንድ የአሳማ መውለጃ ቤት አለን። መሬቱ የእሜቴ አባት ርስት ነበር። እሜቴ መሬቱን ለጋራው ሰጡ፤ እኛ ሕንጻውን ሠራን፤ እሳቸውም አዋላጅ ሆነው ከጎኑ በምትገኘው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገቡ። እናት አሳማዎቹ እዚያ ይወልዳሉ፤ ግልገሎቹ ጡት ሲጥሉ ለሦስታችን ይከፋፈሉና ወደየበረታችን ይሄዳሉ፤ እኛ እናደልባለን። እሜቴ ከዚያ ቤት ሌላ ሥራ፣ ሌላ ጣሪያ የላቸውም። ባልም የላቸውም። ለምን እንዳላገቡ ጆብን ብትጠይቁት፣ "አንዱ መጥቶ ነበር። አንዱ ጆሮህ ከሌላው ከፍ ብሏል፣ እስቲ ትንሽ ላስተካክለው ብትለው ነው የሸሸው" ይላል።

አሳማ እንግዲህ እኩል አትወልድም። አንዷ ከጡቷ ቁጥር በላይ ትፈለፍላለች፤ ጎረቤቷ ጥቂት ወልዳ ወተቷ እየፈሰሰ ትተኛለች። ከአንድ ሆድ የወጡትም እኩል አይደሉም። ጉልበተኛው የፊት የፊቱን ጡት ይይዛል፣ ደካማው ወደ ኋላ ተገፍቶ የደረቀውን ይጠባል። ስለዚህ በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን፣ የእናታቸውን እንገር ከጠጡ በኋላ፣ የተረፉትን ወደ ጎደለችው ማሻገር የማንም አሳማ አርቢ ሥራ ነው። እኛም እናደርገዋለን። እሜቴ ሶአዚግ ግን በመጀመሪያው ቀን የሚቆሙ ሴት አይደሉም። ሰኞ ያሻገሩትን ረቡዕ ይመልሱታል፤ ዓርብ ደግሞ "ይሄኛው ወፈር ብሎብኛል" ብለው ወደ ሦስተኛዋ ይወስዱታል። ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የሚንጫጫ ግልገል አለ። እንግዳ ልጅ መሆኑን እናቲቱ አሽትታ እንዳታውቅ፣ የእሷንም አፍንጫ የእሱንም ጀርባ በኮምጣጤ ያብሳሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ እናቶቹም አያውቁም፤ እግዜርም ቢሆን መዝገብ ሳያይ የሚነግራችሁ አይመስለኝም።

"እኩል ካልሆኑ ምኑን ወንድማማች ሆኑ!" ይላሉ።

ደግሞስ ሥራቸው አያምርም? ጡት የሚጥሉ ዕለት ስታዩዋቸው ከአንድ ቅርጽ የወጡ ጡቦች ነበሩ። ከሩቅ ወረዳ ድረስ ሰው ሊያይ ይመጣ ነበር። ጆብ በሩ ላይ ቆሞ የኔ ናቸው እያለ ይጎርራል፣ እኔም ከኋላው ቆሜ የጆብ አይደሉም እላለሁ።

በአንድ መኸር ግን ክሳቱ መጣ። ያኔ ሐኪሞቹ ራሳቸው በስሙ ገና አልተስማሙም ነበር፤ እኛ በጥሩ ፈረንሳይኛም በአገራችን ቋንቋ በብሬቶንኛም "ክሳቱ" አልነው፤ በቃ። ግልገሉ ጡት ከጣለ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ይሰነብታል። ከዚያ አንድ ጠዋት መኖ ስትሰጥ ከገንዳው ራቅ ብሎ ቆሞ ታገኘዋለህ። በማግስቱ ፀጉሩ ይቆማል። ከዚያ ቆዳው እንደ ሻማ ይገረጣል፣ አንዳንዱም ቢጫ ይሆናል። የጀርባ አጥንቱ እንደ መጋዝ ይወጣል፣ ጎኑ ይገባል፣ ጭንቅላቱ ብቻ በፊት የነበረውን ያህል ሆኖ ይቀራል። ትንፋሹ ከሆዱ ነው። ስትቀርበው አይሸሽም፤ ይህ ነው ክፉው ነገር። የማይሸሽ ግልገል የሞተ ግልገል ነው። መርፌ ወጋን፣ መኖ ቀየርን፣ ቪታሚን አጠጣን። አንዱ ይሞታል፣ አንዱ አይሞትም፤ ያልሞተው ደግሞ አያድግም፤ ሰው ሊሸጠው የማይችል አሮጌ ሕፃን ሆኖ ጥግ ይይዛል።

በድን የሚሰበስበው መኪና ድሮ በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል ነበር። ያን ክረምት መንገዳችንን ተላመደው። ሾፌሩ ከጆብ በር ላይ ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ ይጠብቅ ጀመር፤ ደንበኛ የሚጠብቅ ባለ ሱቅ ይመስላል። ሚስቴ ድምፁን ስትሰማ መስኮቱን ትዘጋለች። ሽታው አይደለም፤ ክዳኑ ሲከፈት የሚሰማው የብረት ድምፅ ነው ያስጠላት።

እሜቴ ሶአዚግ ለዚህ ነገር ያገኙት መድኃኒት ምን ይመስላችኋል? ማስተካከል። የከሱትን ከየበረታችን እየለቀሙ በሽርጣቸው ይዘው ወደ መውለጃው ቤት መለሷቸው። ወተቷ የሞላ እናት ፈልገው፣ የራሷን ጠንካራ ልጅ አንሥተው፣ የከሳውን በቦታው አስገቡ። "የተራበ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ድርሻውን ስለተቀማ ነው" ይላሉ። ቀን ቀን እየሠሩ፣ ማታም አይተኙም ነበር። ዐይናቸው ገባ፤ ጉንጫቸው ጎደጎደ። ጆብ አይቷቸው፣ "ሶአዚግ ልጄ፣ አንቺም ከገንዳው ራቅ ብለሽ መቆም ጀመርሽ" ቢላቸው እንኳን አልሳቁም።

በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ኖልዌን መጣች። ወጣት ናት፤ ንግግሯ አጭር ነው፤ ቢላዋዋ ከንግግሯም ያጥራል። ጆብ ግቢ ውስጥ የአንድ ግልገል በድን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ ብሽሽቱን ከፈተችና፣

"ይህን እጢ እዩት። ባቄላ ነበር ማከል ያለበት" አለች። የእንቁላል ያህል ነበር። "የሚያከሳው ቫይረስ ነው። ግን ይህ ቫይረስ ክሳት የሌለባቸው ቤቶች ውስጥም አለ። ብቻውን ይህን ያህል አይገድልም። ድስት በአንድ ጉልቻ አይቆምም፤ እኔ ጉልቻዎቹን ነው የምፈልገው። በረታችሁን አሳዩኝ።"

መጀመሪያ የኔን አየች። "አቶ ሪዋል፣ እነዚህ ለመተኛት ተራ ነው የሚይዙት?"

"ትንሽ ጠበቅ ብሏል" አልኩ።

"ጠበቅ? የሰርዲን ጣሳ ከዚህ ይሰፋል" አለችና አለፈች።

ጆብ ቤት ከአዲሶቹ መሐል የቆሙ አጥንት የሆኑ ግልገሎች አገኘች። "እነዚህ ካለፈው ዙር የቀሩ ናቸው አይደል?"

"ምስኪኖች ናቸው። ትንሽ ይጠግቡና ይሄዳሉ ብዬ ነዋ።"

"እነሱ አይሄዱም፣ አባቴ። በሽታውን ለሚመጣው ሁሉ እያስረከቡ ነው። ቤቱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ የታጠበው መቼ ነው?"

ጆብ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገው።

ታንጊ የዘር ነገር ኀላፊያችን ነው። ባሮን የሚባል አውራ አሳማ አለው፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ጎኑ እንደ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር የተዘረጋ። ፎቶው ማድ ቤቱ ውስጥ ከሠርጉ ፎቶ በላይ ተሰቅሏል። ሐኪሟ አባታቸውን የሚናገሩትን የግልገሎቹን የጆሮ ምልክቶች እያየች ቆይታ፣ "ከሚሞቱት አብዛኞቹ የባሮን ልጆች ናቸው" አለች።

"ባሮን በሽተኛ አይደለም!"

"እሱ በሽተኛ ነው አላልኩም። ግን የአባት ነገር አለበት፤ አንዳንድ ዘር ይህን በሽታ አይችለውም። ለሚቀጥለው በሌላ አውራ ሞክሩ።"

"ባሮንን የነካ እኔን ነካ" አለ ታንጊ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

መጨረሻ ላይ መውለጃው ቤት ገባን። እሜቴ ሶአዚግ ጀርባቸውን ሰጥተውን ጎንበስ ብለዋል። በአንድ እጃቸው አንድ የከሳ ግልገል፣ በሌላው አንድ ወፍራም ግልገል ይዘው እያቀያየሩ ነበር። ዶክተር ኖልዌን አየቻቸውና፣

"እሜቴ፣ ይህች ለእሱ ስንተኛ እናቱ ናት?" አለች።

"ኧረ አልቆጠርኩም ልጄ። የራበውን ማጥባት ወንጀል ሆነ እንዴ?"

"ቫይረሱ እግር የለውም፣ እሜቴ። ከጋጣ ወደ ጋጣ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።"

ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ወዲያው ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች። የአንድ እናት ልጆች ከአንድ እንገር የጠጡት መከላከያ አላቸው፤ እናታቸው የምታውቀውን በሽታ ይችላሉ። ሲቀላቀሉ የማያውቁት በሽታ ይመጣባቸዋል። በተዛወሩ ቁጥር ደግሞ ለጡት ይጣላሉ፣ ይቆሳሰላሉ፣ ይደክማሉ። የደከመ ደግሞ ለሁሉም በር ክፍት ነው። እሜቴ የሰሙ አይመስለኝም። ሁለቱን ግልገሎች እንደያዙ እጃቸውን ነበር የሚያዩት፤ ሰው እቤቱ ያደረውን እንግዳ ሌባ ነው ሲሉት እንደሚያየው።

ደጅ ወጥተን ታንጊ ፍርዱን ሰጠ። "አንድ ዙር። እጅሽን ኪስሽ ከትተሽ አንድ ዙር ታዋልጃለሽ። ክሳቱ እንደዚህ ከቀጠለ መውለጃውን ዘግተን ሁላችንም በየፊናችን። ከዚያ በኋላ ቤቷን ምን እንደምናደርጋት እናያለን።" ጆብ መሬት መሬት አየ። እኔም ጫማዬን በሣሩ ላይ እጠርግ ጀመር። የሚዘጋው ቤት የማን ቤት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሕጉ ይህ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን እንገር በኋላ ግልገል ከእናቱ አይነሣም። የከሳ ወደ ኋላ አይመለስም። ጡት ሲጥሉም በመጠን መደርደር ቀረ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር፣ ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ይሄዳል። እኔ በረቴን ላሳሳ፣ ጆብ ቤቱን ባዶ አድርጎ ሊያጥብ ተስማማን። ባሮን ግን ቆየ፤ እናቶቹ አስቀድመው ከእሱ አርግዘዋል።

ያ ዙር መውለድ ሲጀምር እሜቴ ላኩብኝ።

"ሪዋል፣ ና እዚህ ተቀመጥ። እጄን ካነሣሁ ምታኝ።"

"እሜቴ፣ እርስዎን የሚመታ እጅ የለኝም።"

"እንግዲያው ተናገረኝ። እሱ መቼም አያቅትህም።"

እጃቸው ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ኪስ ውስጥ ሲከቱት ኪሱ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ባልዲ ድንችና ቢላዋ ይዘው ገቡ፤ በእናቶቹ ረድፍ መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይልጡ ጀመር። ድንቹ ሲያልቅ ሌላ ባልዲ። የሳቸው ድንች ሲያልቅ የኔን፤ የኔ ሲያልቅ የጆብን። ያን ወር መንደሩ በሙሉ ድንች በላ። የጆብ ሚስት ሾርባ ብትሠራ ድንች፣ ጋሌት የምንለውን ቂጣ ብትጋግር ውስጡ ድንች ነው። "ይህ ክሳት የማይገድለው እኛን ብቻ ነው" ይል ነበር ጆብ።

በሩ አጠገብ ካለችው እናት ሥር አንድ ትንሽ ግልገል ነበር። የመጨረሻው የኋላ ጡት ደርሶታል፤ ጡቱ ደረቅ ነው። ወንድሞቹ ጠብተው ሲተኙ እሱ ቆሞ እናቱን ይዞራል፤ በአፍንጫው ይነካካታል፤ ይንጫጫል። ከአጠገቡ፣ ከጉልበት የማይበልጥ ግንብ ተሻግሮ፣ ጥቂት የወለደች እናት ተጋድማለች፤ አንዱ የፊት ጡቷ ባለቤት አጥቶ ወተቱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እሜቴ ድንቹን እየላጡ ያንን ወተት ያያሉ። ልጣጩ ወፈረ። ከዚያ ድንቹን ራሱን ይጥሉ ልጣጩን ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡ ጀመር።

"ሪዋል፣ አንድ ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አንድ ክንድ ነው ርቀቱ።"

"አውቃለሁ፣ እሜቴ።"

"አልከሳም እኮ፤ በሽታም የለበትም። ርቦት ነው።"

"ዛሬ አንድ ነው። ነገ ሌላ አንድ ይሆናል። እርስዎ ራስዎን ያውቁታል።"

ግልገሉ ከግንቡ ሥር ሄዶ ቆመ፤ ወተቱ ሸትቶታል መሰለኝ። እየደጋገመ በአፍንጫው ግንቡን ገፋ። ከሰዓት በኋላ ድምፁ ቀነሰ፤ በማግስቱ ማለዳ ስመጣ እሜቴ እዚያው በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ግልገሉ ግንቡን እንደተጠጋ ተጋድሟል። ሕጉ የሕያዋን ነው፤ የሞተ ማንሣት ይፈቀዳል። ጎንበስ ብለው አነሡት፣ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ እንደ ድሮው ዳበስ አደረጉት።

"አሁን እኩል ሆኑ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። የቀሩት ሁሉ ጡት ነበራቸው።

ጡት በጣሉ ዕለት ወደኔ የመጡትን ሳይ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ መንጋ አይቼ አላውቅም፤ አንዱ በርሜል፣ ወንድሙ ጠርሙስ። እሜቴ ራሳቸው ሲያስረክቡኝ ፊታቸውን አዙረው ነበር። ከዚያ መጠበቅ ነው። ክሳቱ የሚመጣበት ሳምንት ደረሰ። በየማለዳው ከገንዳው ራቅ ብሎ የሚቆመውን እፈልጋለሁ። አልፎ አልፎ አገኘሁ፤ አልዋሽም። ከገንዳው የራቁት አብዛኞቹ ጆሯቸው ላይ የባሮን ምልክት ነበረባቸው። ነገር ግን እንዳለፈው አልተዛመተም። በአንዱ ጋጣ የታየው በአንዱ ጋጣ ቀረ። የበድን መኪናው ሾፌር ሁለት ጊዜ በከንቱ ቆሞ ሲጋራውን ጨርሶ ሄደ። ሚስቴ መስኮቱን ከፈተች።

ደስ ብሎን እሜቴ ማድ ቤት ተሰበሰብን። ጆብ የአፕል አረቄውን ይዞ መጥቷል። ዶክተር ኖልዌንም ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣለች። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ታንጊ ብርጭቆውን ሳይነካ እንዲህ አለ።

"እንግዲህ ታወቀ። እጅሽን ስትሰበስቢ ክሳቱ ቆመ። ስለዚህ እጅሽ ነበር።"

እነሆ ነገሩ እንዲህ ተገለበጠ። ዙሩ ቢበላሽ ቤታቸውን ያጡ ነበር። ዙሩ ቢሳካ ደግሞ ስኬቱ ራሱ መሰከረባቸው። በድንች የታገሡት፣ ያን ግልገል አንድ ክንድ ርቀት ላይ እያዩት እንዲሞት የተዉት፣ ለራሳቸው ክስ ማስረጃ ሲያጠናቅሩ ነበር ማለት ነው።

እሜቴ ሶአዚግ ተነሡ። ቁልፉን ከመስቀያው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"አዎ፣ እጄ ነበር" አሉ። "ያለቀው ሁሉ በኔ ነው። ሁሉም። አዋላጅ ፈልጉ። ቤቱን ለፋሲካ እለቅላችኋለሁ።"

ሐኪሟ "እሜቴ፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም..." ብላ ጀመረች። እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ታንጊ ቁልፉን አየው፤ ግን ሊያነሣው አልደፈረም። ጆብ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ሊሸሸግ ይመስል አቀረቀረ።

ያን ጊዜ ምን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ይህች ሴት በሕይወቷ አንዲት ድንች እንኳን ያለ አግባብ አንድ ሳህን ላይ እንድትበዛ አልፈቀደችም። አሁን ግን የአራት ሰው ጥፋት በሙሉ አንድ ሳህን ላይ ሲቆለል፣ ሳህኑ የራሷ ስለሆነ ተወችው። አንዲቷን እንኳን ወደ ሌላ ሳህን አላሻገረችም። ዐይኔ ተወጋ። ማስተካከል እንዲህ ነው እንዴ የሚጀምረው?

"ቆይ፣ ቆይ" አልኩ። ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ። "ይህ ነገር ተዛንፏል። ያለቀው ሁሉ በእጅ አላለቀም። እኔ እንደ ሰርዲን አጭቄ ነበር፤ በዚህ ዙር አሳሳሁ። ያ ጉልቻ የኔ ነው፣ ወዲህ በሉት። ጆብ፣ አንተ ካገባህ ጀምሮ ያልታጠበ ቤትህን ዘንድሮ አጠብክ። ያ ያንተ።"

"የኔ ነው" አለ ጆብ ወዲያው፤ የተገላገለ ይመስል ነበር። "የምስኪኖቹ ነገር የኔ ነው።"

"ታንጊ፣ በዚህ ዙር እንኳን የሞቱት የማን ልጆች ናቸው? ዶክተር፣ ንገሪው።"

"አብዛኞቹ የባሮን" አለች ዶክተር ኖልዌን፣ ጠረጴዛውን እያየች።

"ያ ያንተ ነው። ለእሜቴ የሚቀረው የራሳቸው ድርሻ ብቻ ነው። ትልቅ ነው፤ ትንሽ ነው አልልም። ግን አንድ ድርሻ ነው።"

ታንጊ ፊቱ ቀልቶ፣ ገርጥቶ፣ እንደገና ቀላ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ቁልፉን በጣቱ ወደ እሜቴ ገፋው።

"በሚቀጥለው ሌላ አውራ እንሞክራለን" አለ፤ ለማን እንዳለው አይታወቅም፤ ለባሮን ይቅርታ የጠየቀ ይመስል ነበር።

እሜቴ ሶአዚግ ግን ቁልፉን አላዩትም። የሚያዩት እኔን ነበር፤ ዐይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ቁጣ ቁጣ ብሏቸዋል።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ማን አስተካክል አለህ?"

ሰው ተቆጥቶኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።